ምሰሶ የሌለው ድልድይ

«አይወድቅም አባዬ፣ ኮላው ደርቋል» የሚለውን የታላቅ ወንድሟን ድምፅ የሰማችው የአባቷን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ነው። የምትተኩሰው መተላለፊያው ላይ ነበር። ከአባቷ መኝታ ቤት የሚለያት ልስኑ የተፈረፈረ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሳል ሳይቀር ያሳልፋል። ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስታ ቆመች። ወንድሟ በዚያ ቤት በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ ዛሬ ግን ከፀሐይ ቀድሞ መጥቶ የአባቱን ፂም እየላጨ ነበር። አባቷ ምን እንደመለሰ አልሰማችም። ምላጩ ውሃ ውስጥ ሲነከርና ከሣህኑ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ብቻ ተሰማት፤ ከዚያ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ ምንም አታውቅም» አለ።

አርባ ዓመት አልፏትም በዚያ ቤት ውስጥ ዛሬም «ትንሿ» ነው የምትባለው። በቴክኒክ ኮሌጅ የግንባታ መምህርት ናት። ከክፍል መልስ፣ ቅዳሜን ጨምሮ፣ የአያቷን ድልድይ አነስ ባለ ሞዴል ስትሠራ ከርማለች። አያቷ የከተማው መንገዶች መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበር። ከወንዙ ዳር እስከ ዳር፣ ውሃው ውስጥ አንድም ምሰሶ ሳያቆም፣ በአንድ ቅስት የሚሻገር የድንጋይ ድልድይ ነድፎ ለሹማምንቱ አቀረበ፤ እነሱም በሙሉ አዳራሽ ሳቁበት። በምትኩ አራት ምሰሶ ያለው ድልድይ አሠሩ። የዚያኛው ምሰሶዎች ደግሞ በአንድ የክረምት ጎርፍ የተነቀለ ዛፍ ያዙ፣ ዛፉ ውሃውን ገደበ፣ ድልድዩም ከነሰዉ ተደረመሰ። የሚገርመው፣ የከተማው መሳቂያ ሆኖ የቀረው ሰው የፈጀው ድልድይ አይደለም፤ ያልተሠራው ነው። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «እነ ወረቀት ድልድይ» ይላቸዋል። አባቷ ዕድሜውን በሙሉ ከዚህ ስም ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። ንድፉን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቅሎታል። እንግዳ ሻዩን ሳይጨርስ ንድፉ ሥር ይወስደውና በጣቱ ቅስቱን እየተከተለ «ይቆም ነበር» ይላል። ይህን ሲል ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም፤ እሷ ብቻ ናት አንድ ቀን በእራት ሰዓት «እስቲ እንሞክረዋ» ያለችው።

ዛሬ የሙከራው ቀን ነው። ከማዘጋጃ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ወንድሟ ተቋራጭ ነው፤ አያቱ ንድፉን በሠራለት በዚያው ቦታ ላይ ለእግረኛ የሚሆን የብረት ድልድይ ሊሠራ መሠረት እያስቆፈረ ነው። ሞዴሉ ከቆመ አዲሱ ድልድይ በአያቷ ስም ይሰየማል ተብሏል። ታዲያ የአያቷ ቅስት ምሥጢሩ ድንጋዮቹ ያለምንም ማጣበቂያ እርስ በርስ እየተገፋፉ መቆማቸው ነው። መሐላቸው ኮላ ከገባ ሁሉም አንድ ወጥ ነገር ይሆናሉ። እንዲያ ከሆነ ጣውላም ይቆማል፤ የበር ሳንቃም ይቆማል።

ሸሚዙን ተኩሳ ጨረሰችና ይዛ ገባች። ወንድሟ የአባቷን አንገት በፎጣ እየጠረገ «ትንሿ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሥራው እንዴት ነው?» አላት፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ ይመስል ፊት ለፊት እያያት ነበር። ደህና ነኝ አለች። ስለ መንገዱ መጨናነቅ ጠየቃት፤ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አማረረ፣ ባለፈው ሳምንት የገዛበት ዋጋ ዛሬ የለም አላት። አባቷ ሸሚዙን ተቀብሎ ለበሰ፤ በመስታወቱ ውስጥ አየት አደረጋትና ወዲያው የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ ያዘ። የቁልፉ ቀዳዳ አልገኝ አለው። ሌላ ቀን ቢሆን ትቆልፍለት ነበር። ሸሚዙን የያዘችበትን ማንጠልጠያ ይዛ ወጣች፤ ሻይ ሳትጠጣ፣ «እዚያው እንገናኝ» እንኳን ሳትል።

የኮሌጁ ወርክሾፕ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ነው፤ ሲሞቅ ይንቋቋል፣ ሲዘንብ መምህርና ተማሪ አይሰማማም። ድልድዩ መሐል ላይ፣ ሁለት የብረት እግሮች ላይ ቆሟል። ርዝመቱ ከአልጋ ይበልጣል። ከሥሩ የእንጨት መደገፊያ አለ፤ ሙከራው ሲጀመር እሱ ይነሳና ቅስቱ ብቻውን ይቀራል። ድንጋዮቹን ከሲሚንቶ የቀረጹት እሷና የኮሌጁ አናጢ ናቸው፤ እሳቸው የእንጨት ቅርጽ ያበጃሉ፣ እሷ ትሞላለች፣ የተሸራረፈውን ትጥላለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሄዳ በአውራ ጣቷ መጋጠሚያውን ዳሰሰችው። ትናንት ምላጭ የሚያሳልፍ ክፍተት የነበረበት ቦታ ለስልሶ፣ እንደ ደረቀ ንፍጥ አብረቅርቆ ጠበቃት። ሁሉም እንደዚያው ነበር። በጥንቃቄ ነው የተቀባው፤ የፈሰሰው እንኳ በጨርቅ ተጠርጓል። 

አናጢው ጥግ ላይ መጋዝ እየሳሉ ነበር። ቀና ብለው አላዩዋትም። ለወንድሜ ማን ከፈተለት ብላ ጠየቀቻቸው፤ ቁልፉ ያለው በእሷና በእሳቸው እጅ ብቻ ነው። እሳቸውም ትናንት ማታ ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ወንድሟ እንደመጣ፣ እሷም እንደምታውቅ እንደነገራቸው፣ ነገሩ ግን እንዳልጣማቸው ተናገሩ።

«ወንድሜ አውቃለች ስላለ ብቻ ከፈቱለት?»

«ወንድምሽ ብቻቸውን ቢሆኑማ አልከፍትም ነበር» አሉ አናጢው፤ መጋዙን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «አባትሽ አብረው ነበሩ። መብራቱን የያዙት እሳቸው ናቸው።»

 እሷ ጠዋት መተላለፊያው ላይ ስትሰማ ወንድሟ ሽማግሌውን ያታለለ፣ ለስሙና ለኮንትራቱ ሲል የአባቱን ዕድሜ ልክ እምነት በኮላ የለወጠ መስሏት ነበር። እየመጣች ሳለ አውቶቡስ ውስጥ የምትለውን ሁሉ አሰናድታ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ንግግር ባዶ እጇን ጥሏት ሄደ። በየምሽቱ የተሰነጣጠቀ እጇን እያየ «በርቺ ልጄ» ይላት የነበረው፣ ትናንት ማታም ለቅሶ ልድረስ ብሏት የወጣው ሰው ነው መብራት የያዘው። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያውን ሰካች። ኮላው የእንጨት ኮላ ነው፤ ሙቅ ውሃ ያለቅቀዋል። አናጢው ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባቸው ሁለት ባልዲ አመጡ።

ግማሹን ቀን በዚህ አሳለፉ። ቅስቱን በጎማ መዶሻ እየመቱ ለያዩት፣ እየነከሩ በቢላዋ ፋቁት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ መልሰው በመደገፊያው ላይ ደረደሩት። ኮላው እየለቀቀ ሲሄድ የጣቶቿን ቆዳ ይዞ ነው የሚሄደው። መሐል ላይ የክፍሉ ኃላፊ ገባ። ለእንግዶቹ የታዘዘው ብስኩትና ለስላሳ በጀቱን እንዳለፈበት፣ ወንበር ከቤተ መጻሕፍት እንዳስመጣ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ንግግር እንደሚወዱ እያወራ ነበር፤ ባልዲዎቹን ሲያይ ዝም አለ። ነገሩን ሲሰማ ግንባሩን እያሸ፣ በዚህ ሰዓት ይህን ሁሉ ከመጀመር እንዳለ ቢተውት ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ አመጣ። እሷም ቢላዋውን ሳታስቀምጥ፣ እኔ አውቃለሁ አለችው። ኃላፊው ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የሚባል አያውቅም፤ ግን በዚያች ደቂቃ ከወንድሟ ይልቅ እሱን ጠላችው። ማን ያውቃል! በዚህ ከተማ ስንት ነገር በዚህ በሁለት ቃል ተቀብሮ ይሆን ብላ አሰበች።

ከሰዓት በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። ወንድሟ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ የአባቷን ክንድ ይዞ ገባ። አባቷ በነጩ ሸሚዝ ላይ የድሮ ኮቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ ወደ ድልድዩ ሳይሆን ወደ ባልዲዎቹ አየ። በውሃው ላይ የኮላ ቅርፊት ተንሳፏል። እሷም በእጇ የዕቃ ቤቱን በር አመለከተችው፤ እሱም እንደ ተማሪ ተከትሏት ገባ። ዕቃ ቤቱ የቀለም ጣሳና የተሰበረ ወንበር የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመ በሩ አይዘጋም። አስቀመጠችው። እሷ ቆመች።

«ማነው ኮላ ይቀባ ያለው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ።

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። ወንድሟ ከሁለት ወር በፊት በመኪና ወስዶ የሚያስቆፍረውን መሠረት አሳይቶት ነበር። በቀኝ በኩል ወዲያው አለት ተገኘ። በግራ በኩል ግን ጭቃ ነው፤ ቢወርዱ ቢወርዱ የሚያዳልጥ ግራጫ ጭቃ። የብረቱ ድልድይ ቀላል ስለሆነ ረጅም ምሰሶ ወደ መሬት ውስጥ ተመትቶ ሲገባለት ይያዛል፤ የአያቷ ቅስት ግን ሸክሙን ሁሉ በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ነው የሚጥለው፣ ዳርቻውን ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አባቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ወዲያው ገብቶታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እንቅልፍ የጠፋው፣ እሷም የሆድ ሕመም መስሏት መድኃኒት ስትገዛለት የከረመችው።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሞክሪዋለሻ።»

«እሞክረዋለሁ እንጂ! ሌላ ምን ላደርገው ነበር የምሠራው?»

«ከወደቀ ለእኔ ምን ይተርፈኛል፣ ልጄ?»

ወንድሟ በሩ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው አለ፤ ደግሞም ሽማግሌን በዚህ ዕድሜው በሰው ፊት ማዋረድ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው፣ ለአንድ ቀን ዝም ብትይ ምን ትሆኛለሽ አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሷም አላደረገችም።

«ወንድምጋሼ፣ በኮላ የቆመው የአንተ ድልድይ ነው» አለችው። «ስሙንም በአንተ ያውጡለት።»

ትታቸው ወጣች። እንግዶቹ ለስላሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከፊት፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሙቀቱን በፕሮግራሙ ወረቀት የሚያራግቡ ሰው ናቸው። አናጢው መደገፊያውን የያዘውን ሽብልቅ አንድ በአንድ እየመቱ አወጡት። መደገፊያው ወረደ። ቅስቱ ትንሽ ተንቋቋ፤ እንደ ሰው አጥንት ነው የተንቋቋው፤ ከዚያ ቆመ። ኮላ የለው፣ ብረት የለው፣ በራሱ ክብደት ብቻ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። የአሸዋ ከረጢት ጫነችበት። ሌላም ጨመረች። ተማሪዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሹሙም ተነስተው አጨበጨቡ። ወንድሟ ፊቱ በራ፤ እጁን አባቱ ትከሻ ላይ አደረገ። አባቷ ግን አላጨበጨበም። እሷን ብቻ ነበር የሚያየው። እዚህ ላይ ቢበቃ ማንም አይጠይቃትም። ውሸትም አይሆንም፤ ይኸው ያለ ኮላ ቆሟል። አባቷ በዓይኑ የሚለምናት ይህንኑ ነበር፤ እሷም ለአፍታ ልቧ ራርቶ በእጇ የያዘችውን የማድረቂያ ጨርቅ ጫፍ አሸች።

ከዚያ ያ የእንግዶች ጭብጨባ ከጀርባዋ ሲነክሳት ተሰማት። «አለት ላይ ከተሠራ ይኸው እንዲህ ይቆማል» አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ። «የግራው ዳርቻ ግን ጭቃ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ያውቃሉ። ጭቃ ደግሞ ሲገፉት ይሄዳል።» የግራውን የብረት እግር የያዘውን ብሎን በመፍቻ ማዞር ጀመረች። እግሩ በቀስታ ወደ ውጭ ተንሸራተተ። ቅስቱ መሐሉ ላይ ዝቅ አለ፤ ከሥር በኩል ስስ መስመር ተከፈተ።  እንደገና አዞረች። በግራ በኩል አንድ ድንጋይ እንደ ጥርስ ወጣ አለ፤ ወዲያው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ሆነ። አቧራው ከሹሙ ጫማ ደረሰ።

ሹሙ ጫማቸውን እያራገፉ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የተገላገለ ሰው ሳቅ ነው። «እንኳን አልተሠራ!» አሉ። ከኋላቸው ሌሎችም ሳቁ።

«የተሠራውስ የት አለ?» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «በምትኩ የተሠራውስ? እሱ እንኳን ተሠራ ይባላል? ስንት ሰው ይዞ ሄደ? የዚህኛው ቦታው እንጂ ቅስቱ አይደለም የወደቀው፤ ሁለቱም ዳርቻ አለት የሆነበት ቦታ ቢፈለግለት ይቆም ነበር። ወንዙ ረጅም ነው። የፈለገ ሰው ግን አልነበረም፤ የሳቀ ብቻ ነው የነበረው።» ሳቁ ቆመ።  የክፍሉ ኃላፊ ብስኩት እንዳለ አስታወሰ። ሹሙ ሌላ ስብሰባ እንዳለባቸው ለወንድሟ ነገሩት፤ ስለ ስያሜው ደግሞ በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን አሉ፤ ወንድሟም እስከ መኪናቸው ሸኝቷቸው በዚያው ቀረ። ሲያልፍ አላያትም። አባቱን እንኳ ና ልውሰድህ አላለውም።

አናጢውና እሷ የወደቀውን ለቅመው ሲጨርሱ ወርክሾፑ ባዶ ሆኖ ነበር። አባቷ ከወንበሩ አልተነሳም። ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ እንደ ሌላው ጊዜ አልተደገፈባትም፤ ከዘራውን ነው የተመረኮዘው። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ደረሱ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አንዲት ሴት ለሽማግሌው ቦታ ለቀቀችለት፤ እሱም አመሰግናለሁ አለ፤ የሰማችው ድምፁ ይህ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትከሻው ትከሻዋን ይነካል፤ የኮቱ የድሮ ሽታ ይሸታታል። «ተናድጄብሻለሁ» አላት ከብዙ መንገድ በኋላ። እኔም አለችው። ራሱን ነቀነቀ፤ በዚህ የተስማሙ መሰሉ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ጠየቃት።

«መጀመሪያ የወጣው የትኛው ድንጋይ ነው?»

«በግራው እግር በኩል ነው። ከታች ሦስተኛው።»

አባቷ ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ። «እሱም ግራውን ነበር የሚፈራው» አለ።

ማን ብላ ጠየቀችው። አባቴ አላት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ ንድፉ ሥር ቆሞ ያልተናገረውን ተናገረ። ያኔ ልጅ ነበር፤ ከአባቱ ጋር ሄዶ ከአዳራሹ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። በሩ በደንብ አልተዘጋም። አባቱ ለሹማምንቱ ይቆማል አላላቸውም። ቅስቱን አምነዋለሁ፣ የግራውን ዳርቻ ግን አላምነውም ነው ያላቸው። ከመወሰናችሁ በፊት አራት ቆፋሪ ለአንድ ሳምንት ስጡኝ፣ መሬቱ ካልያዘ ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ ብሎ ለመናቸው። ይህን ጊዜ አንዱ፣ ራሱ ያላመነውን ነገር እኛን እመኑ ይለናል እንዴ አለ። አዳራሹ የሳቀው በዚህ ነው። ምሰሶ በሌለው ድልድይ አልነበረም፤ እንጃ ባለ ሰው ነው።

«ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት እንጃ ማለት ነውር ሆነ» አለ አባቷ። «እኔ ነኝ ነውር ያደረግኩት። እሱማ እስኪሞት ድረስ ስለ ጭቃው ነበር የሚያወራው።»

ትንሿ የተቃጠሉ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ልጅ ሆና አያቷን ስታስብ ጥርጥር የማያውቅ፣ የሚፎክር፣ በመስታወት ውስጥ የሚኖር ሰው ነበር የሚታያት፤ ትፈራው ነበር፤ እሷ ሥራ በጀመረች ቁጥር የሚያስጨንቃት «ብሳሳትስ» የሚለው ሐሳብ ከእሱ ዘር ያልወረሰችው የራሷ ድክመት እየመሰላት አድጋለች። ኮሌጅ ስትገባም፣ ስታስተምርም፣ ያንን ፍርሃት ከአባቷ ስትደብቅ ነው የኖረችው። አሁን አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ አያቷም እንደሚጠራጠር ይህን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር።

«አራት ሰው» አለች።

«ለአንድ ሳምንት» አለ አባቷ።

«እነሱ ቆፋሪዎቹን ከለከሉት፤ አንተ ደግሞ እሱን ራሱን ከለከልከኝ» አለችው።

አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አውቶቡሱ ከቁፋሮው ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው የመኪና ድልድይ ላይ ደርሶ ሲንገጫገጭ ሁለቱም ወደ ግራው ዳርቻ አዩ፤ የወንድሟ ቁፋሮ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር።